ሠላሳ አምስተኛው ጥያቄ

ጥቅምት 3

መኪናዋ ግቢ ገብታለች። ሰማያዊ የጭነት መኪና ናት። በሯ ላይ የቀድሞው ባለቤት ያስጻፈው ማስታወቂያ ተፍቆ ጥላው ብቻ ቀርቷል፤ ፀሐይ በጎን ሲመታው ይነበባል። ሠላሳ አራት ዓመት ኬሚስትሪ አስተምሬ ያጠራቀምኩት ሁሉ ዛሬ ስድስት ጎማ አብቅሎ ከመኝታ ቤቴ መስኮት ፊት ቆሟል።

የገዛኋት ለታናሽ ወንድሜ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት የጭነት መኪና የነዳ ሰው፣ አምና ጎማ ሲነፋ አጠገቡ ከፈነዳበት ወዲህ ሥራውን ትቶ እኔ ጋ ተቀምጧል። ቁስሉ ድኗል፤ አገጩ ሥር አንዲት ጠባሳ ብቻ ቀርታለች። እሱ "ሰለቸኝ" ይላል። እኔ ፈርቶ ነው እላለሁ። ፍርሃት ደግሞ በመቀመጥ አይለቅም።

ሥራ ተገኝቶለታል። ከከተማው ዳር ዶሮ የምታረባ ሴት አለች፤ እኔና እሱ "የዶሮዎቹ እመቤት" እንላታለን። እንቁላል ለሱቆች የሚያደርስላት ሰው ትፈልጋለች። ቃሏ አጭር ነው፦ "የዘንድሮን ምርመራ ያለፈች መኪና፣ ወረቀቱ የተሟላ ሾፌር፣ እስከ ታኅሣሥ አንድ። ከዚያ ለሌላ ሰው እሰጣለሁ።"

የግዢውን ነገር በሥርዓት ልመዝግብ። ሠላሳ አምስት ጥያቄ አዘጋጅቼ ከወንድሜ ጋር ሄድኩ። ሻጩ የመለዋወጫ ሱቅ ያለው የቀድሞ ተማሪዬ ነው፤ አሥረኛ "ለ"፣ ሁለተኛ ረድፍ፣ በመስኮቱ በኩል። ጥያቄዎቹን ሳነብለት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ቆሞ መለሰልኝ። አልተንተባተበም። ሠላሳ አራቱን እንዲህ አድርጎ ሲጨርስ "ቲቸር፣ እስካሁን ያስፈራሉ እኮ!" አለኝ። ሳቅሁ። ሠላሳ አምስተኛው የሞተሩን ቁጥር በዓይን አይቶ በመኪናዋ ደብተር፣ በሊብሬዋ፣ ላይ ካለው ጋር ማመሳከር ነበር። ቁጥሩ ያለበት ቦታ ጣት በሚያህል ቅባት ተሸፍኗል። ወንድሜ ሞተሩን አስነሥቶ መዳፉን ኮፈኑ ላይ አሳርፎ ጥቂት ቆመ።

"ጤነኛ ናት" አለ።

ሠላሳ አምስተኛውን አለፍኩት።

ጥቅምት 9

ወደቀች።

ጭስ 71። የሚፈቀደው 50።

የሞተር ቁጥር፦ አይገጥምም። መርማሪዋ ሰማያዊ ካፖርት የለበሰች ወጣት ናት። ቅባቱን በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጋ አነበበች። ደግማ አነበበች። "እናቴ፣ ይቺ መኪና የሌላ ልብ ነው የያዘችው" አለችኝ። በትሕትና ነው ያለችው። ትሕትናዋ ባሰብኝ።

የተፈቀደው ሦስት ሙከራ ነው። በሦስተኛው ከወደቀች ታርጋዋ ይፈታል።

ስንመለስ ወንድሜ ሬዲዮኑን ጮክ አድርጎ ከፈተው። ቀነስኩት። ጨመረው። ቀነስኩት። ጨመረው። እንዲህ ባለ ቀን ዝምታ ይከብዳል ብዬ ተውኩት።

ጥቅምት 10

መካኒክ ጋ ወሰድናት። ሰውየውን ሰፈሩ "ጓንቴ" ይለዋል፤ በሥራ ላይ ጓንት አውልቆ አያውቅም፣ ምሳም የሚበላው አንዱን ብቻ አውልቆ ነው ይባላል። ኮፈኑን ከፈተና በባትሪ እያበራ እንደ ሐኪም እየነካካ መረመራት።

ሞተሩ ከመኪናዋ አካል አሥራ ሁለት ዓመት ይበልጣል። ከሌላ ዓይነት መኪና ወጥቶ፣ መያዣው ተበይዶ፣ የገባ ነው። ብየዳው ጥሩ ነው አለ። የቀየረው ሰው እጅ አለው፤ የጎደለው ሌላ ነገር ነው።

ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። "እማማ፣ ታንኳኳለች እኮ! ከዚያ ጥግ ይሰማል። ሾፌር ወንድም እያለዎት?"

ወንድሜ አጠገባችን ቆሞ ነበር። የጓንቴን አፍ ያያል። ሁለታችን ወደ እሱ ስንዞር ፈገግ አለ።

"ስንገዛ ችኮላ ነበረብን" አልኩ።

ችኮላ አልነበረብንም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ነው የቆምነው። ለምን እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም።

"ማንኳኳቱ እርጅና ነው" አለ ጓንቴ። "ይኖራል እንጂ አይድንም። ጭሱ ግን በሽታ ነው፤ በሽታ ይታከማል።"

"እኔም አርጅቻለሁ" አልኩት። "ግን አላጨስም። እሷም ታቆማለች።"

ጥቅምት 12

ሻጩ ሱቅ ሄድኩ። ፊልትሮና ቺንጋ እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። ወንበር አቀረበልኝ። አልተቀመጥኩም።

"ሞተሩ ተቀይሯል" አልኩት።

"አዎ ቲቸር።"

"አልነገርከኝም።"

"አልጠየቁኝም እኮ። የጠየቁኝን ሁሉ መልሻለሁ።"

ልሰድበው አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። እውነቱን ነው። እሱን ፈተንኩት እንጂ መኪናዋን አልፈተንኳትም። አቋቋሙን፣ ትሕትናውን፣ የመልሱን ጥራት ወድጄ ማርክ ሰጥቼ ወጣሁ። ይህን ስሕተት አስተማሪ ብቻ ነው የሚሳሳተው፤ አንድ የሰፈር ደላላ እንኳ መጀመሪያ ቅባቱን ይፍቅ ነበር።

መመሪያውን ከምርመራ ጣቢያው ተውሼ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ሞተር መቀየር ወንጀል አይደለም። ወንጀሉ ቀይሮ አለማስመዝገብ ነው። ለማስመዝገብ ደግሞ ሞተሩ ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ሰነድና የቀየረው ሰው ፊርማ ያስፈልጋል።

"ሰነዱስ?"

"ጠፍቷል ቲቸር።"

"እንግዲያው ፈልገው።"

ጥቅምት 13

ጎረቤቴ ጡረተኛው መቶ አለቃ አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ይዘውልኝ መጡ። ጫማው ያብረቀርቃል። ነገሩ ቀላል ነው አለኝ፦ አንዲት ንጹሕ መኪና የእኔን ታርጋ ለጥፋ ትመረመራለች፣ እኔ ሻይ እየጠጣሁ እጠብቃለሁ፣ ወረቀቱ ይመጣል።

"በሌላ ሰው መፈተን ነው" አልኩት። "በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ ሁለት ልጆች በዚህ ይዣለሁ። ሁለቱም ሲያዙ አልቅሰዋል። አንተ ግን ትስቃለህ።"

"መምህርት!" አሉ መቶ አለቃው። "አገር ሁሉ እያጨሰ የአንቺ መኪና ብቻ እጣን ልትሸት ነው እንዴ?"

"አገር ሁሉ የእኔ ተማሪ አይደለም።"

"እሺ ሽጫት! እንደሸጡልሽ ሽጫትና ተገላገይ።"

"ለማን? እንደ እኔ ለምትስቅ አሮጊት?"

ተናደው ተነሡ። ከበሩ ተመልሰው ደግሞ፣ "ወንድምሽስ ምን ሆኖ ነው የኮራብን? ዛሬ ጠዋት ሦስቴ ጠርቼው ዞር ብሎ አላየኝም" አሉ።

ሐሳብ ገብቶት ነው አልኳቸው።

ጥቅምት 15

ታጣፊ ወንበሬን ይዤ ሻጩ ሱቅ በር ላይ ተቀመጥኩ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ስድስት ሰዓት። የጋዜጣውን መስቀለኛ ቃላት ሞላሁ። ደንበኛ ሁሉ "ምን እየጠበቁ ነው እናቴ?" ይለኛል። ሳልጨምር ሳልቀንስ እነግረዋለሁ፦ "ከዚህ ሱቅ ባለቤት መኪና ገዛሁ። ሞተሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ። ሰነዱን እየፈለገልኝ ነው።"

ጥቅምት 16

ተቀመጥኩ። ሻይ ላከልኝ። ጠጣሁ፣ አመሰገንኩ፣ ተቀመጥኩ።

ጥቅምት 17

"ቲቸር፣ ፀሐይ ይመታዎታል።" ጃንጥላዬን ዘረጋሁ።

ጥቅምት 19

አንድ ደንበኛ ታሪኬን ሰምቶ የያዘውን ዕቃ ጠረጴዛው ላይ መልሶ ወጣ። ሻጩ አየው። ማየቱን እኔም አየሁ። መስቀለኛ ቃላቴን ቀጠልኩ።

ጥቅምት 21

ሰነዱ "ተገኘ"። ከኋላው ካለው መሳቢያ ነው ያወጣው፤ አቧራ እንኳ አልነበረበትም። ፈርሞ ሰጠኝ። ከፊርማው ሥር ቀን ስላልጻፈ መልሼ አስጻፍኩት።

ወንበሬን ሳጥፍ፣ "ቲቸር፣ ያኔ ስንት ነበር የሰጡኝ?" አለኝ።

"ሃምሳ ሁለት።"

"ዛሬስ?"

"ቀን ረስተሃል። ሃምሳ አንድ።"

ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ቤት ገብቼ ነው የሳቅሁት።

ጥቅምት 26

ጓንቴ ሠርቶ ጨረሰ። ነዳጅ የሚረጩት ኖዝሎች አራቱም ተቀየሩ፤ ነዳጁን እየረጩ ሳይሆን እያንጠባጠቡ ነበር። የአየር ፊልትሮው አዲስ ነው። የናፍጣ ፖምፓው ተስተካከለ። በየደረጃው በተዋሰው መለኪያ አስለካሁትና ግድግዳ ላይ በለጠፍኩት ወረቀት መዘገብኩ፦ 71፣ 63፣ 55፣ 48። ወረቀቱን ሳየው የክፍል ውጤት ሲሻሻል የሚሰማኝ ደስታ ተሰማኝ። ደካማ ተማሪ ቀስ በቀስ ሲነሣ ከማየት የሚበልጥ ነገር አላውቅም።

ለወንድሜ "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" አልኩት።

ፊቴን ሲያይ ቆየና፣ "እቴቴ፣ እንቁላሉ በእግሩ የሚሄድ ከሆነማ መኪናዋን ለምን ገዛን?" አለኝ።

ከስንት ጊዜ በኋላ ቀለደ።

ጥቅምት 29

ገበያ ስንሄድ ከኋላችን ሞተር ሳይክል ጥሩንባውን እየነፋ መጣ። ወንድሜ መሐል መንገድ ላይ ነው። እጅጌውን ይዤ ሳብኩት። ሞተረኛው ተሳድቦ አለፈ።

"ልጅ አይደለሁም!" ብሎ እጁን መነጨቀኝ።

ጓንቴም ዛሬ ስለ ማንኳኳቱ ደግሞ ጠየቀኝ። ደግሜ ችኮላ ነበር አልኩት።

ስንበላ ወንበሩን ሁልጊዜ ከእኔ በስተግራ ያደርገዋል። ድሮ ፊት ለፊቴ ነበር የሚቀመጠው። ብርሃኑን ሽሽት ይሆናል።

ኅዳር 4

ሁለተኛው ሙከራ። ሞተሩ ንጹሕ ነው፣ ሰነዱ ገብቷል፣ ግን ውጤት የለም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የመለኪያው ቱቦ ጭስ ማውጫው ውስጥ ይገባል። መርማሪዋ በሾፌሩ መስኮት በኩል ቆማ "ርገጥ!" ስትል ሾፌሩ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ባንዴ ይረግጣል፤ "ልቀቅ!" ስትል ይለቃል። ብዙ ጊዜ ይደጋገምና የመጨረሻዎቹ ሦስት ልኬቶች ይወሰዳሉ። ሦስቱ መቀራረብ አለባቸው፤ ካልተቀራረቡ መሣሪያው ውጤት አይሰጥም።

"ርገጥ!" አለች። ወንድሜ ቆይቶ ረገጠ። "ልቀቅ!" አለች። አልለቀቀም። ሞተሩ ጮኸ። እሷም ጮኸች። እሱ መሪውን ጨብጦ ፊት ለፊት ግድግዳውን ያያል፤ አንገቱ ላይ ላብ ወርዷል። 41፣ 66፣ 52። መሣሪያው ቀይ መብራት አበራ። እንደ መውደቅ ይቆጠራል።

ወረቀቱን ስቀበል መርማሪዋ ለባልደረባዋ በዝግታ ስትናገር ሰማሁ፦ "ሾፌሩ የሚሰማ አልመሰለኝም።"

አንድ ሙከራ ቀረን።

ኅዳር 5

ያ አዳራሽ ድምፅ የበዛበት ነው። እዚያ ማንም አይሰማም።

ኅዳር 7

ክፍል ውስጥ አንድ ልጅ ሲጠራ ቶሎ የማይዞር ከሆነ የማደርገው ነገር ነበረኝ። ከኋላው ሦስት እርምጃ ርቄ እቆማለሁ። አልጮኽም፣ አልንሾካሾክም። በተራ ድምፅ ስሙን ሦስት ጊዜ እጠራለሁ።

ዛሬ ወንድሜ ጓሮ ውስጥ ተቀምጦ ድንች ሲልጥ ከኋላው ቆምኩ። ሦስት ጊዜ ጠራሁት።

ውጤቱን አልመዘግብም። በዕድሜዬ ውጤቱን ያልመዘገብኩት ፈተና ይህ ብቻ ነው።

የመኪናዋን ቁልፍ ከጠረጴዛው ላይ አንሥቼ ከቀሚሶቼ ሥር አስቀመጥኩት።

ኅዳር 8

ቁልፉን ሲያጣ መጣ። ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩና ቀስ ብዬ፣ አፌን እያሳየሁት ጠየቅሁት።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

ጠባሳውን ዳበሰ።

"ከጎማው ቀን። ግራው የለም። ቀኙ አለ፣ ግን ከወንዝ ማዶ እንደሚጣራ ሰው ነው።"

"ሥራውን የተውከውም በዚህ ነው?"

"ጓደኞቼ ሲስቁ አይቼ መሳቅ ደከመኝ።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ነግሬሽ ፊት ወንበር ላይ ልታስቀምጪኝ ነው? አርባ ስድስት ዓመቴ ነው እኮ እቴቴ።"

በእርግጥ የማደርገው እሱኑ ነበር።

"መኪናዋ ጤነኛ ናት ያልከኝስ?"

"እጄ ላይ ደህና ነው የተንቀጠቀጠችው። ለጆሮዬ ግን ምንም። ልነግርሽ ቀና ስል ፊትሽን አየሁት። ደስ ብሎሽ ነበር።"

ከዚያ ወሰንኩና ነገርኩት። ሐኪም ሳያይህ መንገድ ላይ አትወጣም። ወረቀትህ ሳይስተካከል አትነዳም። ይህን በግልጽ ነው የምናደርገው፤ በጀርባ በር የሚሆን ነገር የለም።

"ፈቃዴን ቢወስዱትስ?"

"ያኔ ወንበሬን ይዤ በራቸው ላይ እቀመጣለሁ።"

ሳይወድ ሳቀ። በዚህ ጊዜ ዘግይቶ አልሳቀም።

የማይሰማ ልጅ ትምህርት በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት እለይ ነበር፤ በዚህ እኮራለሁ። የራሴን ወንድም ለማወቅ ግን ዓመት ፈጀብኝ ብዬ ልጽፍ ነበር። ውሸት ነው። አልፈጀብኝም። ሰው ሁሉ ሲነግረኝ ሰበብ እየሰጠሁ የመለስኩት አስቀድሜ ስለማውቅ ነው።

ኅዳር 12

የጆሮ ሐኪም። ግራው ተስፋ የለውም። ቀኙ በመስሚያ መሣሪያ ይረዳል። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ሁሉን ነገር ለእኔ ስታስረዳ አቋረጥኳት። "ታካሚው እሱ ነው። ወደ እሱ ዞር ብለሽ ተናገሪ፤ አፍሽን ያያል።" ደንግጣ ዞረች። ደህና ልጅ ናት።

መሣሪያው በሁለት ሳምንት ይደርሳል። የምርመራ ቀጠሮአችን ከዚያ በፊት ነው። ጣቢያውን ቀን እንዲያራዝም ጠየቅሁ፤ አይራዘምም።

ኅዳር 15

ጓንቴ "እኔ ልርገጥላችሁ፣ ምን ችግር አለው?" አለ። ችግር የለውም፤ ማን ይርገጥ የሚል ነገር መመሪያው ውስጥ የለም። ወንድሜ ግን መሬት መሬት ያያል። አሁን ከዚያ ወንበር ወርዶ ሌላ ሰው ከወጣበት ተመልሶ እንደማይወጣበት ታወቀኝ።

ታርጋ የሚያስፈታ ነገር በአንጀት አይወሰንም። ስለዚህ ለካን። እኔ ከመኪናዋ ፊት ቆሜ እጄን ባንዴ ስጥል ርገጥ፣ ሳነሣ ልቀቅ። ጓንቴ መጀመሪያ፦ 47፣ 52፣ 44። ወንድሜ ቀጥሎ፦ 45፣ 44፣ 45። ደገምን። ጓንቴ፦ 49፣ 45፣ 51። ወንድሜ፦ 44፣ 45፣ 44።

ጓንቴ መለኪያውን አራግፎ ደግሞ አየው። "እንዴት ነው ነገሩ?"

"አንተ ሞተሩን እየሰማህ ትጠብቃለህ" አለው ወንድሜ። "እኔ በጫማዬ ነው የምሰማው።"

ቁጥሩ ወሰነ። ጓንቴ አንድ ጓንቱን አውልቆ ጨበጠው።

ኅዳር 18

ጓንቴ እስከ ጣቢያው ነዳልን፤ ወንድሜ በሩ ላይ ተረከበ።

ለመርማሪዋ ሁሉን ነገርኳት፤ ጆሮውን፣ እጄን፣ ልምምዳችንን። ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። የጣቢያው ኃላፊ ግን ከመስታወት ክፍሉ ወጣ። ሆዱ ከእሱ ቀድሞ የሚደርስ ሰው ነው።

"የማይሰማ ሰው መንገድ ላይ እንዴት ይነዳል?"

"ጥሩ ጥያቄ ነው" አልኩት። ጥሩ ጥያቄ ነው። "መልሱ በሐኪም ነው የሚሰጠው፤ ቀጠሮው ይኸውልህ። እስከዚያ መንገድ ላይ አይነዳም፤ ያመጣን መካኒኩ ነው። ዛሬ የተመዘገበው ግን የጭስ ምርመራ ነው። ወይስ ጭሱም በጆሮ ነው የሚለካው?"

ከኋላችን ተራ የሚጠብቁ ሾፌሮች ሳቁ። "ይበሏቸው እናቴ!" አለ አንዱ።

"ምልክት መስጠት የመርማሪ ሥራ ነው እንጂ የባለንብረት አይደለም" አለ ኃላፊው።

በዚህ ትክክል ነው። ልመልስለት ስል መርማሪዋ ቀደመችኝ። "እኔ እሰጣለሁ ጌታዬ" አለችና ከመኪናዋ ፊት ሄዳ ቆመች። እጇን አነሣች። ወንድሜ አያት። ከእሷ አልፎ ደግሞ እኔን አየኝ። በክፍል ውስጥ ጥቁር ሰሌዳ ጋ ቆሜ እንደማደርገው ራሴን አንዴ ነቀነቅሁለት።

እጇ ወደቀ። ረገጠ።

ብዙ ጊዜ ተደጋገመ። ቁጥሮቹን ከመስታወቱ ላይ በተቃራኒው አነበብኳቸው። 46። 45። 45።

አረንጓዴ።

ሾፌሮቹ አጨበጨቡ። ወንድሜ ጭብጨባውን አልሰማም፤ እጆቻቸውን አየ።

ኅዳር 21

አዲሱ የሞተር ቁጥር ሊብሬው ላይ ሰፈረ። "ሞተር ተቀይሯል" የሚል ማኅተም ተመታበት። ጸሐፊው፣ "ሲሸጡት ዋጋ ይቀንስብዎታል" አለኝ።

"ጎላ አድርገህ ምታው" አልኩት።

ኅዳር 27

መሣሪያው መጣ። ከቀኝ ጆሮው ኋላ ተቀመጠ፤ የባቄላ ፍሬ ያህላል። ከሐኪም ቤት ወጥቶ ደረጃው ላይ ቆመ። የጠየቀኝ የመጀመሪያ ነገር፣ "እቴቴ፣ ስትሄጂ ጫማሽ እንዲህ ይጮኻል?" ነው።

ኅዳር 29

የፈቃድ ቢሮ። በሁለተኛው ቀን ነው የተሳካው። ትናንት "እንዲህ ያለ ጉዳይ ገጥሞን አያውቅም" ብለው መልሰውን ነበር። ዛሬ የሐኪሟን ደብዳቤ፣ የራሳቸውን መመሪያ አሥራ አራተኛ ገጽና ታጣፊ ወንበሬን ይዤ ሄድኩ። ወንበሩን መዘርጋት አላስፈለገኝም። የመንገድ ላይ ፈተና ሰጡት፤ አለፈ። ፈቃዱ ላይ "በመስሚያ መሣሪያ" የሚል ተጽፏል።

መቶ አለቃው አጥር ላይ ሆነው፣ "መምህርት፣ እልኸኛ ነሽ!" አሉኝ።

"ዛሬ ነው ያወቁት?"

ታኅሣሥ 1

ማልደን ዶሮ እርባታው ደረስን። የዶሮዎቹ እመቤት ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አየች። የሊብሬውን ማኅተም አነበበች፤ የፈቃዱንም አነበበች። ቀና ብላ ሁለታችንን አየች።

"የደበቃችሁኝ ነገር አለ?"

"አልቀረም" አልኩ።

አስጫነችን። እኔ ዛሬ ብቻ ብዬ ከጎኑ ተቀመጥኩ። ወደ መጀመሪያው ሱቅ ስንሄድ፣ ጥሩ መንገድ ላይ፣ ወንድሜ ድንገት ጠርዝ ይዞ አቆመ። ግንባሩን ቋጠረ። ወረደ፣ ኮፈኑን ከፈተ፣ ራሱን ወደ ቀኝ አዘንብሎ አዳመጠ። መዳፉን አላሳረፈም።

"እቴቴ!" አለኝ። "ይቺ ሞተር ታንኳኳለች እኮ!"

"አዎ።"

"በደንብ ነው የምታንኳኳው! ማነው ጤነኛ ናት ያለሽ?"

"አንድ ሾፌር ነው።"

ኮፈኑ ላይ ተደግፎ እስኪያነባ ሳቀ። እኔም ከላይ ሆኜ ሳቅሁ። ከኋላችን አንድ መኪና ጥሩንባውን ነፋብን፤ ወንድሜ ቀድሞኝ ዞረ።

የተሰበረ እንቁላል፦ አንድ። እሱንም እኔ ነኝ ስወርድ የረገጥኩት።